የኢንተርኔት ካርታዎች ለድርቅ ማስጠንቀቂያና ለሠፈራ ጥናት የሚሰጡት ጥቅምና ያላቸው ወሰን፤ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ አንጻር




በድርቅ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ በየትኛው ቀበሌ ስንት ሰው ተቸገረ የሚለው ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ በደረሰው ረኃብ፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ዘግይቶ በመገኘቱ የብዙ ወገን ሕይወት አልፏል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያውም ሥራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተጀመረው ከዚህ መራራ ትምህርት ተነሥቶ ነው። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። አንድ የወረዳ ባለሙያ በቢሮው ተቀምጦ፣ ኢንተርኔት ካለው፣ የሰሜን ተራሮችን ግርጌ ዝናም፣ የአፈርና የዕፅዋት ሁኔታ በቀለም ተለይቶ በካርታ ላይ ሊያይ ይችላል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ፣ ይህ ካርታ የሚያሳየው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለማብራራት ነው።

በቅድሚያ ለሥራችን የሚጠቅሙትን መሣሪያዎች ልጥቀስ። ለዝናም በብዙ አገር የሚሠራበት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ቅርንጫፍ የሚዘጋጀው ቺርፕስ የተባለው መረጃ ነው። ይህ መረጃ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ዝናም ሳይቋረጥ የያዘ፣ ለማንም በነፃ የሚሰጥ ነው። በአገራችንም የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የጣቢያዎቹን ልኬትና የሳተላይትን ግምት አዋህዶ በኢንተርኔት የካርታ ክፍል አቅርቧል። ለአፈር ደግሞ በሆላንድ አገር፣ በዋገኒንገን ከተማ የሚገኘው የዓለም የአፈር መረጃ ማዕከል ሶይልግሪድስ የተባለውን ካርታ አውጥቷል። በኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴርና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በየወረዳው የአፈር ናሙና አስወስደው የለምነት ካርታ አሠርተዋል። ቀድሞ ገበሬው የሚያገኘው ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲሆን፣ ያ ጥናት በብዙ ቦታ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮንም እንደሚጎድሉ አሳይቷል። ናሙና በሥርዓት ሲወሰድ ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሆኖም በእነዚህ ካርታዎች ላይ ቀለም ያልተቀባ ቦታ የለም። ተመልካቹም በየቦታው የተለካ ነገር ያለ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ልኬት የተገኘው በጥቂት ነጥቦች ነው፤ የቀረው ከነጥቦቹና ከሳተላይት ምስል ተነሥቶ በስሌት የተገመተ ነው። ግምት መሆኑ ዋጋ አያሳጣውም። ነገር ግን ግምትን እንደ ልኬት ቆጥሮ የእህል ድልድል የሚያወጣ ሰው፣ ሊታደገው የሚገባውን ቀበሌ ሊዘል ይችላል።

ይህን በእናንተው አገር ላስረዳ። በቺርፕስ ካርታ አንዱ አራት ማዕዘን በጎኑ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሠላሳ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት በአንድ ቁጥር ይወከላል ማለት ነው። በሜዳ አገር ይህ ብዙ አያሳስትም። ከደባርቅ በስተሰሜን ግን መሬቱ በሊማሊሞ በኩል ወደ ዛሪማ ሲወርድ፣ ልዩነቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ እስከ 1,500 ሜትር የሚደርስ ገደል አለ። ስለዚህ አንዱ አራት ማዕዘን ከላይ ገብስ የሚዘራበትን ደጋ፣ ከታች ማሽላ የሚዘራበትን ቆላ በአንድነት ሊይዝ ይችላል። ደጋው ዘንቦለት ቆላው ቢደርቅ፣ ካርታው የሁለቱን አማካይ ይዞ «ደህና ነው» ይላል። አማካይ ዝናም ግን የቆላውን ሰው አያጠግብም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጣቢያዎቹ አቀማመጥ ነው። በአገራችን የዝናም መለኪያ ጣቢያዎች አብዛኞቹ በዋና መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ይገኛሉ። ደባርቅና ዳባት ከጎንደር በሚመጣው መንገድ ላይ ናቸው። ከመንገዱ ርቀው፣ ከተራራው ጀርባ ወደ ተከዜ ያዘነበሉት ቀበሌዎች ግን ያን ያህል ዕድል የላቸውም። የክረምቱ ዝናም ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ በመሆኑ ከተራራው በስተምሥራቅ ያለው አገር የሚደርሰው ያነሰ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናም ሲታጎል ድርቁ ከበረታባቸው ወረዳዎች ጃን አሞራና በየዳ የሚጠቀሱ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ አብዝቶ የሚያስፈልገው አገር፣ ልኬት ያነሰበት አገር ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው፣ ሳተላይቱ ዝናም የሚገምትበት መንገድ ነው። ሳተላይቱ ዝናሙን አይለካም፤ የደመናውን አናት ቅዝቃዜ አይቶ፣ ደመናው እጅግ ከቀዘቀዘ ይዘንባል ብሎ ያሰላል። በተራራ አገር ግን ነፋስ ሽቅብ የገፋው ዝቅተኛና ሞቅ ያለ ደመና ሊያዘንብ ይችላል፤ ይህ ዝናም በስሌቱ ሊታለፍ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ የቀዘቀዘ ደመና ሳያዘንብ ያልፋል። በተጨማሪም የቺርፕስ የመጀመሪያ ግምት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል፤ የጣቢያዎች ልኬት ተጨምሮበት የታረመው የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ ከሁለቱ በየትኛው እንደተጠቀመ መግለጽ ይገባዋል። ከጠቅላላው መጠን ይልቅም የዝናሙን አገባብና አወጣጥ በአሥር በአሥር ቀን ከፋፍሎ ማየት ይበጃል። የወቅቱ ድምር ሞልቶ ሳለ ዝናሙ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ቢወጣ፣ እህሉ ሳያፈራ ይቀራል።

ስለ አፈሩም የምለው ከዚህ አይርቅም። የሶይልግሪድስ አራት ማዕዘን በጎኑ 250 ሜትር፣ ማለትም ስድስት ሄክታር ከሩብ ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ የብዙ ገበሬዎች ማሳ ይገኛል፤ በተዳፋት ላይም ከላይ ጭንጫ፣ ከታች ዋልካ ሊሆን ይችላል። ካርታው የተመሠረተው ከመላው ዓለም በተሰበሰቡ ወደ 240 ሺህ የሚጠጉ የአፈር ምርመራ ጉድጓዶች ላይ ነው። ብዙ ቢመስልም ለዓለም ሲካፈል ጥቂት ነው። መልካሙ ነገር፣ አዘጋጆቹ ከእያንዳንዱ ግምት ጋር ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ወሰን ማውጣታቸው ነው። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ፣ ካርታው ራሱ «ሄዳችሁ ቆፍሩ» እያለ ነው።

ይህ ነገር በሠፈራ ሥራ ላይ ሲሆን ይከብዳል። በኅዳር 1977 ዓ.ም. የተጀመረው ሠፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ ክፍል ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ከፋና ኢሉባቦር አጓጉዟል። አረንጓዴ መሆኑ ከሩቅ የታየው መሬት ከደጋ ለሄደው ሰው ወባ፣ ለከብቱም ገንዲ ይዞ ጠበቀው። ዛሬም ከዚህ ደጋ ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ የሚወርድ ሰው በወባና በካላ-አዛር እንደሚያዝ ይታወቃል። በሳተላይት ምስል አረንጓዴው ቀለም ዕፅዋት መኖሩን ይናገራል፤ ትንኝ መኖሩን አይናገርም። ውኃም እንዲሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ፣ በ2014 ዓ.ም.ም በዳባት አጠገብ በዓለምዋጭ የኤርትራ ስደተኞች ሲሠፍሩ፣ የሁሉም ጥያቄ የሚጠጣ ውኃ፣ መተዳደሪያና ማገዶ ነበር። የምንጭ ውኃ ንጽሕና የሚታወቀው ናሙናው ከምንጩ በጠርሙስ ተቀድቶ ሲመረመር ብቻ ነው።

ስለሆነም በሥራ ላይ የሚከተለውን ሥርዓት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ካርታው ሲከፈት ቀለሙ ከመነበቡ በፊት የናሙናና የጣቢያ ነጥቦቹ ይታዩ። ለቀበሌው ቅርብ የሆነው ነጥብ የት እንዳለ፣ በከፍታ ምን ያህል እንደሚለይ በሪፖርቱ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የአንድ ዓመት አኃዝ ብቻውን አይቅረብ፤ ከረጅም ዓመታት አማካይ ጋር ይነጻጸር።

ሦስተኛ፣ ደጋና ቆላ በአንድ አራት ማዕዘን ከገቡ፣ ቀበሌው በከፍታ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል መስክ ተወርዶ ይጣራ። የግብርና ልማት ሠራተኛው የሰብሉን ቁመና፣ የገበያውን ዋጋ፣ የከብቱን ሁኔታ ይመዝግብ። የአገሩ ሽማግሌዎች ክረምቱ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ የሚሰጡት ቃል ከካርታው አጠገብ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ካርታውና የመስኩ ምስክርነት ሲጋጩ፣ መስኩ እስኪጣራ ድረስ እርዳታው በካርታው ምክንያት አይቅር።

አምስተኛ፣ የተገኘው መረጃ ወርዶ በወረዳው መዝገብ ይቀመጥ። ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው ፊውስ ኔት የተባለው የረኃብ ማስጠንቀቂያ ድርጅት፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ገንዘቡ በመታገዱ ድረ ገጹ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በሰው አገር ኮምፒዩተር ብቻ የተቀመጠ መረጃ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

እነዚህን ካርታዎች የነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ በእግርና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን መረጃ በደቂቃ ያመጣሉና ሊናቁ አይገባም። ጥቅማቸው ግን ቀድሞ ወዴት መሄድ እንዳለብን በማመልከት ነው፤ መሄዱን አይተኩልንም። በየቀበሌው አንድ ዝናም መለኪያ በማቆምና በየወሩ በታማኝነት በመመዝገብ የሚገኘው ልኬት ለዓለሙ ካርታ ትንሽ ነጥብ ነው። ለዚያ ቀበሌ ሕዝብ ግን በዝናም እጦት ሲቸገር የሚቆምለት ምስክር ነው። ይህን ምስክር ማብዛት በእናንተ እጅ ነው።