የጭማሪ እንጀራ ዋጋ
በዲማ ምግብ ቤቶች የዋጋ አወጣጥ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ፈጣን ምግብ ቤቶች ለምግባቸውና በምግቡ ላይ ለሚታከለው ጭማሪ ዋጋ የሚያወጡበትን መንገድ የሚመለከት ነው። ፈጣን ምግብ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወደ በርገርና ወደ ፒዛ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔ ግን ነገሬን የምጀምረው በጋምቤላ ክልል ከምትገኘው ከዲማ፣ ከአንዲት ባለ ሦስት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ነው። ደንበኛው የታጠበ እጁ ሳይደርቅ ሽሮው እየተንተከተከ የሚቀርብበት ቤት ፈጣን ካልተባለ፣ ሌላ ፈጣን የሚባል ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዲማ ከደቡብ ሱዳን ወሰን ብዙም የማትርቅ ቆላ ናት። ስሟ ቀድሞ ከሱዳን ስደተኞች መጠለያ ጋር ይነሣ ነበር፤ ዛሬ በይበልጥ የሚነሣው ከወርቅ ጋር ነው። አፈር ቆፍሮ፣ በውሃ አጥቦ ወርቅ የሚፈልግ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሞልቶባታል። ጤፉ ግን ከደጋ፣ በጭነት መኪና፣ በሚዛን በኩል ይመጣል። ስለዚህም አንድ እንጀራ ዲማ እስኪደርስ የጤፍ ብቻ ሳይሆን የናፍጣም ዋጋ አለበት።

በዚያች ቤት ግድግዳ ላይ የዋጋው ዝርዝር በእጅ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ሽሮ፣ ቦዘና ሽሮ፣ ፉል፣ ስፔሻል ፉል፣ ፍርፍር፣ ፍርፍር በእንቁላል። ልብ ብላችሁ ብታዩት፣ እያንዳንዱ ሁለተኛ ምግብ የመጀመሪያው ምግብ ጭማሪ የታከለበት ነው። ቦዘናው ሽሮ ነው፣ ሥጋ ጣል ተደርጎበት። ስፔሻሉ ፉል ነው፣ እንቁላልና አቮካዶ ተጨምሮበት። ፍርፍሩማ ትናንት የተረፈው እንጀራ ነው፤ በእኛ ሙያ ቋንቋ ተረፈ ምርት የምንለው እዚህ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭማሪ እንጀራ። እርሱ በነጻ ነው የሚሰጠው።

ባለቤቲቱ ገበያው እያለ ገንዘቡ ለምን እንደሚያጥራት ብትጠይቀኝ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ቁጥሩን ለአሳብ ያህል አቅልዬ ላቅርብላችሁ። ሽሮው ከሁለት እንጀራ ጋር በ100 ብር ይሸጣል እንበል። እንጀራው እያንዳንዱ 20 ብር፣ ወጡ 25 ብር፣ ለኪራይና ለማገዶ የሚደርሰው 15 ብር ቢሆን፣ ጠቅላላው ወጪ 80፣ ትርፉ 20 ብር ይሆናል። ደንበኛው አንድ እንጀራ ሲያስጨምር ትርፉ አለቀ። ሁለት ሲያስጨምር ባለቤቲቱ ከኪሷ መገበችው። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ሰው ደግሞ በሁለት እንጀራ አይጠግብም።

ምክሬ ፈጣን ነበር፤ «እትዬ፣ ጭማሪ እንጀራ ብለው ዋጋውን ይጻፉ» አልኋት። እርሷም ጻፈች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስመለስ ጽሕፈቱ በከሰል ተሰርዟል። «ልጄ፣ እንጀራ ጨምሪልኝ ያለኝ ሰው ዋጋውን ስነግረው ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል። እርሱ ሳይጠግብ ተነሣ፣ እኔም የቦዘናውን ደንበኛ አጣሁ» አለችኝ።

የሽሮው ደንበኛና የቦዘናው ደንበኛ ምን አገናኛቸው? እኔ በስሌቴ ላይ ሁለት ሰዎች አድርጌ ቆጥሬያቸው ነበር። በዲማ ግን አንድ ሰው ናቸው። ወርቅ ያገኘ ዕለት ቦዘና ያዛል፣ እንቁላል ያስጨምራል፣ ጓደኛውንም ይጋብዛል። ሳያገኝ ሲቀር ሽሮ አዝዞ እንጀራ ያስጨምራል። ባጣበት ቀን የጠገበበትን ቤት ባገኘበት ቀን አይረሳም፤ ባጣበት ቀን ወደ በሩ ያየበትንም እንዲሁ። እኔ ወጪውን በሰሃን ስቆጥር፣ እርሷ በሰው ትቆጥር ነበር።

እንግዲህ ወደ ሰፊው ዓለም ወጣ እንበልና የማክዶናልድ ወንድማማቾችን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ፣ በሳን በርናርዲኖ ከተማ ምግብ ቤታቸውን በአዲስ መልክ ሲከፍቱ፣ በርገሩን በ15 ሳንቲም፣ ቺዝ የተጨመረበትን በ19 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። የመነሻው ዋጋ ሰውን ወደ በሩ የሚጠራ ነው፤ ስለዚህ ዝቅ ይላል፣ ሁሉም ያስተያየዋል። አራቷን የቺዝ ሳንቲም ግን ከጎረቤት ቤት ጋር የሚያስተያይ የለም፤ ደንበኛው ወስኖ ከተቀመጠ በኋላ የምትመጣ ናትና። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ሆነ የሰፈራችን በርገር ቤት እንቁላልና ቺዝ ሲያስጨምረን፣ የጭማሪው ዋጋ የሚወጣው በዚሁ ጠባይ ላይ ተመሥርቶ ነው። ጭማሪው የሚሸጠው በወጣበት ሳይሆን ደንበኛው በዚያች ደቂቃ ሊከፍል በፈቀደው ነው።

ባለቤቲቱም ይህን መጽሐፍ ሳታነብ ደረሰችበት። የሽሮውን ዋጋ አልነካችም፤ ምጣዱንም አላሳነሰችም። የእንቁላሉንና የሥጋውን ጭማሪ ግን ከፍ አደረገች። 20 ብር የሚያወጣው እንቁላል 50 ብር ቢያስከፍል፣ የሚተርፈው 30 ብር አንድ ተኩል ጭማሪ እንጀራ ይሸፍናል ማለት ነው።

ችግሩ በጾም ይመጣል። ከደጋ ከመጣው ሠራተኛ ብዙው ጿሚ ነውና፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እንቁላሉም ሥጋውም ቅቤውም በአንድነት ይጠፋሉ። እንጀራ የሚያስጨምረው ሰው ግን አይጠፋም። ጭማሪን በጭማሪ አካክሳለሁ ያለ ነጋዴ የዓመቱን አንድ ሰባተኛ ያህል ያለ ማካካሻ ይከርማል፤ ረቡዕና ዓርብ ሲቆጠሩማ የከፋ ነው። እርሷ በዚህ ወራት ከጤፉ ጋር ማሽላ ትደባልቃለች፤ ለሚጠይቃትም ሳትደብቅ ትናገራለች። የወንዝ ዓሣም ጠብሳ ትሸጣለች። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ በሒሳብ መዝገብ ረገድ ግን በጣም ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይትም የመጓጓዣም ዋጋ ስሌቱን ደጋግሞ አፍርሶታል። ስፔሻሉ ከልክ በላይ ከተወደደ ወርቅ ያገኘውም ሰው ወደ ሽሮ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እንጀራውን የሚከፍልለት አይኖርም። በአዲስ አበባ ለጭማሪ እንጀራ በግልጽ የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ፤ አልወቅሳቸውም። ደንበኛቸው የወር ደመወዝተኛ ነው፤ ዛሬና ነገ የሚከፍለው ያው ነው፣ ባዶ ቀንና የወርቅ ቀን የለውም።

እኔም ሁለተኛውን ምክሬን ከመጀመሪያው አሳጥሬ ሰጠኋት፤ አንድ ደብተርና እርሳስ። ለእያንዳንዱ ጭማሪ እንጀራ በግራ በኩል አንድ ጭረት፣ ለእያንዳንዱ እንቁላል በቀኝ በኩል አንድ ጭረት ታኖራለች። ማታ ማታ ታስተያያቸዋለች። የግራው ከቀኙ አንድ እጥፍ ተኩል በልጦ ሳምንት ከቆየ የስፔሻሉን ዋጋ ታስተካክላለች፤ ካልበለጠ አትነካውም። ባለፈው ጊዜ ሳያት ደብተሩ ሊያልቅ ሦስት ገጽ ቀርቶት ነበር፤ አዲስ እንዳመጣላትም አዝዛኛለች።