በበር ብርሃን የሰውን ፊት ማንሳት፦ ስለ ፕራይም ሌንስ አመራረጥና አጠቃቀም



እኔ በሙያዬ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የዶክትሬት ጥናቴም በብርሃን ላይ ነበር። ካሜራ የያዝሁት ግን ዘግይቼ፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከምነግራችሁ ግማሹን ያገኘሁት ከመጽሐፍ፣ ግማሹን ከስሕተት ነው። ከስሕተቱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ ወደ ማቻከል፣ ወደ እናቴ ቤት ስሄድ ከአንድ ጓደኛዬ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ ተውሼ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷንም ወደ በሩ መለስ አደረገች። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት አነሳኋት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ሳየው ድንቅ ነበር፤ ግድግዳው ቀልጦ ጠፍቷል፣ ፊቷ ብቻ ወጥቷል። አሳትሜ ስወስድላት ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ቆየችና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸኛውን ዓይኔን ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ወደ ሌንሱ የቀረበው ዓይኗ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል፤ የራቀው ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል። ሳቅሁ። በመስከረም መጥቼ ደግሜ አነሳሻለሁ አልኋት። በዚያው ክረምት ዐረፈች። በአርባዋ ዕለት ጠረጴዛው ላይ የቆመው ያው ፎቶግራፍ ነበር።

በአካባቢያችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያለውን የጥንቱን ሥዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። እናቴ የተናገረችው በዚያ ልማድ ይሁን በሌላ አልጠየቅኋትም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌንስ ሳነሣ ጥያቄዋ ይመጣብኛል።

ለመሆኑ ምን ተፈጠረ? ፕራይም ሌንስ የምንለው አንድ የትኩረት ርቀት ብቻ ያለው፣ እንደ ዙም የማያቀርብና የማያርቅ ሌንስ ነው። ኤፍ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ለመክፈቻው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መክፈቻው ይሰፋል። የብርሃኑ መጠን የሚለወጠው በቁጥሩ ካሬ ነው። ብዙዎቻችሁ ከካሜራው ጋር የገዛችሁት 18-55 ዙም በ55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። በአንጻሩ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በዙሙ 1/20 ሰከንድ የሚፈልገው ምስል በዚህኛው በ1/200 ይነሣል ማለት ነው። በ1/20 ሽማግሌ ሲተነፍስ እንኳ ምስሉ ይናወጣል፤ በ1/200 ሕፃን ሲስቅ ይያዛል። በአንድ በር ብቻ ብርሃን ለሚገባበት የገጠር ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

እንዲያውም ይህ ዓይነቱ ሌንስ የተወለደው ለሰው ፊት ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 የዳጌር ፎቶግራፍ ይፋ በሆነበት ጊዜ የነበረው ሌንስ ጠባብ ስለነበረ ሰውን ለማንሳት ለደቂቃዎች አለመንቀሳቀስ ያስፈልግ ነበር። በቪየና የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ዮሴፍ ፔትስቫል በ1840 አስቀድሞ በሒሳብ አስልቶ ኤፍ 3.6 ገደማ የሆነ ሌንስ ነደፈ፤ ፎይክትሌንደር ሠራው። ከቀድሞው ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን የሚያስገባ ነበረ። ያም ሌንስ መካከሉ ጥርት ያለ፣ ዳሩ የሚደበዝዝ ነበር። ዛሬ በገንዘብ የምንሸምተው «የደበዘዘ ጀርባ» ያኔ ጉድለት ነበር!

በእኛ አገር ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ የሠሩት የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት፣ በኋላም እንደ ሽመልስ ደስታ ያሉት ባለሙያዎች የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ አቆይተውልናል። የባላገሩ መልክ ግን ያለው አንድም በመታወቂያ ላይ ነው፣ አንድም የለም። የአባቴ ያለኝ ፎቶግራፍ አውራ ጣቴን አያህልም።

ወደ ስሕተቱ ልመለስ። መክፈቻው ሲሰፋ፣ ወይም ስንጠጋ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ይቀጥናል። በዚያ ቀን የነበረኝ ጥልቀት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ፊቷ መለስ በማለቱ ግን ሁለቱ ዓይኖቿ ከሌንሱ ያላቸው ርቀት ከዚያ በላይ ተለያይቷል። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሙሉ ፍሬም ባለው ካሜራ ላይ፣ በሁለት ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 1.8 ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጣል፤ በኤፍ 2.8 ዘጠኝ፤ በኤፍ 4 ዐሥራ ሦስት። ዐሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያደርሳል። ስለዚህ ሌንሱ ኤፍ 1.4 ነው ተብሎ ሁልጊዜ በ1.4 መነሣት የለበትም። እኔ ዛሬ ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው በኤፍ 2 ወይም 2.8፣ መለስ ያለውን በኤፍ 4 አነሳለሁ። ምርጫ የግድ ሲሆን ትኩረቱን ቅርብ ባለው ዓይን ላይ አደርጋለሁ፤ አንሥቼም ምስሉን በካሜራው ላይ አጉልቼ ሳላይ ሰውየውን አላስነሳም።

ስለ ርቀት ካነሣሁ አንድ የተለመደ አባባል ላርም። «85 ፊትን ያሳምራል፣ 35 ያበላሻል» ይባላል። ፊትን የሚለውጠው ርቀቱ ነው እንጂ ሌንሱ አይደለም። አፍንጫ ከጆሮ በ12 ሴንቲ ሜትር ቢቀድም፣ በግማሽ ሜትር ርቀት አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በ24 በመቶ ገዝፎ ይታያል፤ በሁለት ሜትር በ6 በመቶ ብቻ። ረጅም ሌንስ የሚጠቅመው ከሩቅ ቆመን ፊቱን እንድንሞላ ስለሚያስችለን ነው። ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ፣ ማለትም አብዛኞቻችሁ በያዛችሁት ላይ፣ 50 ሚሊ ሜትር እንደ 75 ወይም 80 ሆኖ ያያል። ጠባብ ቤት ውስጥ 85 ገዝቶ ጀርባን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ ይመጣል፤ ብዙዎቹ 85 ሌንሶች ከ80 ሴንቲ ሜትር ወዲህ አያተኩሩምም።

እንግዲህ ገዥ ምን ይምረጥ? እኔ ለተማሪዎቼ ያለማመንታት 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 እላለሁ። በ1.4 እና በ1.8 መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ስቶፕ ሁለት ሦስተኛው ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ያገለገለ ከሆነ ሁለት ነገር መርምሩ። የመጀመሪያው የራሱ ሞተር ያለው መሆኑን ነው። የቀድሞው የኒኮን 50 ኤፍ 1.8 ዲ፣ ሞተር በሌላቸው እንደ ዲ3000ና ዲ5000 ባሉት ካሜራዎች ላይ በራሱ አያተኩርም፤ የጂ ምልክት ያለው ኤኤፍ-ኤስ ግን ያተኩራል። ሁለተኛው ሻጋታ ነው። ከኋላ በኩል የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ተዉት። እኔ አንዱን ሳላበራ ገዝቼ ክረምቱን ሙሉ ስጠርግ ከርሜአለሁ። የጎጃም ክረምት ለሌንስ ምሕረት የለውም፤ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ከረጢት ጋር አስቀምጡት።

የቀትሩ ፀሐይ ሌላ ጉዳይ ነው። በአይ.ኤስ.ኦ 100፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በኤፍ 1.8 ለማንሳት 1/8000 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፤ የብዙዎቻችሁ ካሜራ ግን 1/4000 ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚቃጠለው ነጠላው ነው። ሰውየውን ወደ ዋርካ ጥላ ወይም ወደ በር ውሰዱት።

ስለ ነጠላና ጋቢ ካነሣን፣ የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥራል። ነጭ ጋቢ ምስሉን ሲሞላው ያጨልመዋል፤ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ብዙ የሰርግ አልበሞቻችን ላይ የአያቶቻችን ፊት የጠፋው በዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር ማንጣት መልክ አይመልስም። ስፖት መለኪያውን ፊቱ ላይ አድርጉና፣ ቆዳው ጠቆር ያለ ከሆነ ከተገኘው ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ፤ አለዚያ ሰውየው ከራሱ ቀልቶ ይወጣል።

የቀረውን በቃል ከምጨርሰው እንሞክረው። እባካችሁ የአዳራሹን መብራት አጥፉልንና በስተ ግራ ያለውን በር ብቻ ክፈቱ። ወንበሩን ከበሩ ሁለት እርምጃ አርቁት። ከፊት የተቀመጡት አባታችን፣ ፈቃድዎ ከሆነ ጋቢዎን እንደ ለበሱ ይምጡና ይቀመጡልን፤ ሁለቱንም ዓይንዎን ይዤ እመልስዎታለሁ።