የአቂላና የጵርስቅላ ቤት
(በደብራችን የምሥረታ በዓል ለወጣት ባለትዳሮች የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳርና ስለ ሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎት እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ ርእሱ ሦስት መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ ግን አንድ ነው። በዚህ አገር የልጆችንና የወጣቶችን ክፍል ተሸክመው የሚገኙት በአብዛኛው በቅርብ ዓመታት የተጋቡ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ሙያ የሚቀይሩት፣ ለፈተና የሚቀመጡት፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዛወሩትም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ባል አዲስ ሥራ ባገኘ ወይም ሚስት ትምህርት በጀመረች ቁጥር አንድ ክፍል ይዘጋል፤ ክፍሉ እንዳይዘጋ ሲባል ደግሞ ትዳሩ ይጎዳል።

በአዲስ ኪዳን ስማቸው 6 ጊዜ የተጻፈ፣ በስድስቱም ጊዜ አንዳቸው ያለ ሌላቸው ያልተጠሩ ባልና ሚስት አሉ። አቂላና ጵርስቅላ ናቸው። አቂላ በወገኑ የጳንጦስ ሰው ነው፤ ጳንጦስ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የሚገኝ አገር ነው። ኑሮው ግን በሮም ነበር። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ባልና ሚስቱ ቤታቸውንና ደንበኞቻቸውን ትተው ወደ ቆሮንቶስ ተሰደዱ። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ይህን ትእዛዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ49 ዓ.ም. ገደማ ያደርጉታል። ቆሮንቶስ በሁለት ወደቦች መካከል የተቀመጠች፣ በአጠገቧም በየ2 ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ውድድር የሚደረግባት የንግድ ከተማ ነበረች። በእንዲህ ያለ ስፍራ ድንኳን ሰፊ ሥራ አያጣም። ቅዱስ ጳውሎስም ያገኛቸው በዚያ ነው፤ ሙያቸው አንድ ስለ ነበረ በቤታቸው ተቀምጦ አብሯቸው ይሠራ ጀመር።

ካራ፣ መርፌና ወስፌ በአንድ ከረጢት ገብተው ባሕር ይሻገራሉ። የእኛ ሙያ ግን እንዲህ አይታጠፍም። በአገር ቤት በምሕንድስና የተመረቀ ወንድም አሜሪካ ሲገባ ዲግሪውን ያስገመግማል፤ 110 ጥያቄ ላለው የመጀመሪያ ፈተና 6 ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዚያም በባለ ፈቃድ መሐንዲስ ሥር ለዓመታት ሠርቶ ለሁለተኛው ፈተና ይዘጋጃል። ፈቃዱንም የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ለየብቻው ነው። ነርሷም የራሷ ፈተና አላት። እስከዚያው ድረስ እርሱ በመጋዘን ሌሊት ይሠራል፤ እርሷ በአረጋውያን መጦሪያ የእሑድ ተረኛ ትሆናለች። ከዚህ ቤት ለልጆቻችን አስተማሪ እንጠብቃለን። ሲቀሩ ደግሞ «ዓለም ወሰዳቸው» እንላለን።

በዚህ አነጋገር አልስማማም። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ በቆሮንቶስ የአገልግሎቱን መጠን ለውጧል። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ እስኪመጡ ድረስ በሥራ ቀን እየሰፋ በሰንበት በምኵራብ ይነጋገር ነበር፤ እነርሱ ከመጡ በኋላ ለቃሉ ተጋ። (ያን ጊዜ ስፌቱ ለማን እንደ ተረፈ መጽሐፍ አይነግረንም፤ አቂላና ጵርስቅላ ግን ሳይገምቱት አልቀሩም።) ሐዋርያው በሰፋባቸው ሳምንታት ከሐዋርያነቱ አልጎደለም። እንዲሁ አንዲት እኅት ለፈተናዋ ስትል ለ6 ወራት ክፍሏን ለሌላ ብታስረክብ ከአገልጋይነት አትወጣም። የሚያስፈልገው ለንስሐ አባቷ ነግራ፣ ተተኪ አዘጋጅታ፣ የምትመለስበትን ጊዜ ተናግራ መሄዷ ነው። በዝምታ መጥፋት ሌላ ነገር ነው፤ ልጆች በሩ ላይ ቆመው መምህራቸውን ይጠብቃሉና።

ተተኪ ማዘጋጀትን ካነሣሁ ከተማርኩት ሙያ አንድ ነገር ልጨምር። በ1928 በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሲልቨር ብሪጅ የሚባል ድልድይ ተሠራ። ድልድዩን የተሸከሙት ሰንሰለቶች በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለት ሁለት የብረት ዘንጎች ብቻ ነበሯቸው። በታኅሣሥ 1967 የአንዱ ዘንግ ጫፍ ከትንሽ ስንጥቅ ተነሥቶ ተሰበረ፤ ጭነቱን የሚቀበለው ሌላ ስላልነበረ ድልድዩ በሙሉ ወደ ወንዙ ወረደ፤ 46 ሰዎችም ሞቱ። በምሕንድስና ትምህርት ቤት ይህን የምንማረው ብረቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ብረት ይደክማል። ጥያቄው አንዱ ሲደክም ጭነቱ ወዴት ይሄዳል የሚል ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙሩን የሚያስጠኑት፣ ትምህርቱን የሚያዘጋጁት፣ ወላጆችን በስልክ የሚያገኙት፣ ከጉባኤ በኋላ ወንበር የሚያነሡት አንድ ባልና ሚስት ከሆኑ እነርሱን ማመስገናችን አይበቃም። ልጅ የወለዱ ዕለት ጭነቱ ወዴት ይሄዳል? ይህን መመለስ ያለበት ሰበካ ጉባኤው ነው እንጂ የደከሙት ባልና ሚስት አይደሉም።

ወደ አቂላና ጵርስቅላ ልመለስ። ከቆሮንቶስ ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር በመርከብ ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ። ጥቂት ዓመት የለመዱትን ገበያ እንደ ገና ትተው ማለት ነው። በኤፌሶን ሳሉ ከእስክንድርያ የመጣ አጵሎስ የሚባል ሰው በምኵራብ ሲናገር ሰሙ። አንደበቱ የተባ፣ በመጻሕፍት እውቀቱ የበረታ፣ መንፈሱ የሚቃጠል ነበረ፤ ነገር ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። በጉባኤ መካከል ተነሥተው አላረሙትም። ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ገለጡለት።

ዛሬ በየቤታችን አጵሎሶች አሉ። የ16 ዓመት ልጃችን በእንግሊዝኛ ስለ ሃይማኖት በስልኩ ያዳመጠው ብዙ ነው፤ ሲከራከር አንደበቱ ይቀናል፤ ስለ ምሥጢረ ቁርባን ወይም ስለ ቅዱሳን ምልጃ የያዘው ግን እኩሌታውን ነው። እኛ ደግሞ አማርኛው ስለ ተሰባበረ ብቻ ገና ምንም እንዳልተማረ እንቆጥረዋለን። በጉባኤ ሲጠይቅ «ዝም በል» የተባለ ልጅ ጥያቄውን አይጥለውም፤ ሌላ ቦታ ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለማቅናት ከመድረክ ይልቅ የባልና ሚስት ማዕድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በጾም ቀን ሽሮ ቀርቦለት፣ ባልየው የጀመረለትን ሚስቲቱ እየጨመረችለት፣ በሚሰማው ቋንቋ ይጠይቅ። በአብነት ትምህርት ቤትም እውቀት የሚተላለፈው በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ፊት ለፊት ነውና ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ መንገድ አይደለም።

በዚህ ስፍራ የጵርስቅላን ድርሻ መዝለል አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮም ሰዎችና በመጨረሻው መልእክቱ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ስሟን ከባሏ አስቀድሟል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ይህን መቅደም ያለ ምክንያት አላየውም፤ ከትጋቷ ጋር አያይዞታል። በእኛ ዘንድ ባል ዲያቆን ወይም ሰባኪ ሲሆን የሚስት አገልግሎት ልጆቹን ይዛ መጠበቅ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ክፍሉን በእውነት የያዘችው እርሷ የሆነችበት ቤት ጥቂት አይደለም።

አጵሎስ ከዚያ በኋላ የት ሄደ? ከኤፌሶን ወንድሞች የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎለት ወደ አካይያ ተሻገረ፤ በቆሮንቶስም አገለገለ። አቂላና ጵርስቅላ ትተዋት የወጡት ቆሮንቶስ ናት። በዚያ የቀሩት ምእመናን ባልና ሚስቱ በመሄዳቸው አዝነው ይሆናል፤ በኤፌሶን ቤት የተማረው ሰው ግን ጳውሎስ የተከለውን ሊያጠጣ ወደ እነርሱ መጣ። ከደብራችን ለሥራ ወደ ሌላ ግዛት የሄዱትን ስናስብ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው። አጥቢያቸውን ለቀው የሄዱ እንጂ ቤተ ክርስቲያንን ለቀው የሄዱ አይደሉም። በጸሎት ሸኝተን፣ ለሚሄዱበት ደብር አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጽፈን ብንልካቸው እዚያ እንደ እንግዳ በኋላ ወንበር ለዓመታት አይቀመጡም።

ባልና ሚስቱ ቆይተው ወደ ሮም ተመልሰዋል። በኤፌሶንም በሮምም ምእመናን በቤታቸው ይሰበሰቡ ነበር፤ ስለ ሐዋርያው ነፍስም አንገታቸውን ለአደጋ ሰጥተዋል። አራት ጊዜ ያህል መኖሪያ ሲለዋወጥ ሥራቸው መርፌ፣ ቤታቸውም ጉባኤ ሆኖ ቀጠለ።

አባቶች በፈቀዱልን መሠረት ከዛሬው መርሐ ግብር በኋላ በአዳራሹ መግቢያ አንድ መዝገብ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክፍል ሁለት ባልና ሚስት፣ ከእነርሱም ጋር እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት እንዲመዘገቡ ቦታ ተዘጋጅቷል። በዚህ ዓመት ፈተና ወይም ወሊድ ያለባችሁ ወራቱን ከስማችሁ አጠገብ ጻፉ፤ በእነዚያ ወራት ማንም አይጠራችሁም። ልጆቻቸው ያደጉላቸው ወላጆች ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ የአስተማሪዎቹን ሕፃናት ለመያዝ በመጨረሻው ገጽ ስማችሁን ብታኖሩ ደስ ይለናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።