ፉልፕሩፍ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ልጆች ሆይ፤ በእንግሊዝኛ ፉልፕሩፍ የሚባል ቃል አለ። ከኹለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ ፉል ሞኝ ማለት ነው፤ ፕሩፍም በዚህ አገባቡ የሚቋቋም ማለት ነው። ውሃ የማያስገባውን ልብስ ዎተርፕሩፍ እንደሚሉት፥ ሞኝ ቢይዘው እንኳ የማይበላሸውን ሥራ ፉልፕሩፍ ይሉታል።

ብዙ ሰዎች ቃሉን «የማይሳሳት» ብለው ይተረጕሙታል፤ ይህ ግን ልክ አይደለም። ለማይሳሳት እንግሊዞች ኢንፋሊብል የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ በግእዝ ዘኢይስሕት እንደሚባለው ነው። ፉልፕሩፍ ግን ሰው መሳሳቱ እንደማይቀር ታውቆ የተሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ ምስጋናው ለሠሪው እንጂ ለያዡ አይደለም።

ይህንን ለመረዳት የድሬ ዳዋ ልጅ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ከተማዪቱን የወለዳት ባቡር ነውና። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዓለም ካሉት የባቡር ፍሬኖች ዌስቲንግሀውስ የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ያወጣው በታመቀ ነፋስ ይሠራል። ነፋሱ በቧንቧ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ያልፋል፤ ቧንቧው ሞልቶ ሳለ መንኰራኵሩ እንደ ልቡ ይዞራል። ቧንቧው ቢበጠስ ወይም ፉርጎ ቢለይ ግን፥ በየፉርጎው የተከማቸው ነፋስ ፍሬኑን ያጣብቀዋል፤ ባቡሩም ይቆማል። ሲበላሽ ወደ ደኅንነት የሚያዘነብለውን እንዲህ ያለ ሥራ ፌይልሴፍ ይሉታል እንጂ ፉልፕሩፍ አይሉትም። የቧንቧውን መበጠስ ያውቃል፤ የነጂውን መቸኰል ግን አያውቅም።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በዚሁ ሐዲድ፥ አዋሽ አጠገብ፥ አንድ ባቡር በኵርባ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀርቶ ወደ ገደል ወረደ፤ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ነጂ ቢዘነጋ ፍጥነቱን ራሱ ለክቶ ባቡሩን የሚያቆም መሣሪያ አለ፤ ፉልፕሩፍ የሚለው ስም የሚቀርበው ለእንዲህ ያለው ነው። «የሚቀርበው» መባሉም በምክንያት ነው፤ መሣሪያውን የሚዘጋ እጅ ከተገኘ እርሱም አይረዳም።

ቃሉ ለመሣሪያና ለዘዴ ይነገራል፤ ለሰው አይነገርም። ታማኝ ገንዘብ ያዥን ፉልፕሩፍ ቢሉት እንግሊዛዊ ይሥቃል፤ በግልባጭ ቢገፉት አልገባም የሚለውን ሶኬት ግን እንዲሁ ቢሉት ልክ ነው።