የከተማ ባቡርን መስመር ስለ ማራዘም
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የአዲስ አበባን ካርታ ዘርግቶ ለተመለከተ ሰው የከተማውን ቀላል ባቡር ማራዘም እርሳስና ማስመሪያ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ይመስለዋል። መስመሩ በምሥራቅ አያት ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የቦሌ አራብሳና የየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተደርድረው ይታያሉ። በደቡብ ቃሊቲ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አሉ። በምዕራብ ጦር ኃይሎች ላይ ሲቆም አየር ጤናና ጀሞ ከፊቱ ናቸው። በየጫፉ ሕዝብ አለ፤ ያም ሕዝብ ከሥራው በሰዓቱ ለመድረስ ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ የሚወጣ ነው። ስለሆነም «ሐዲዱ እነዚህ ሰዎች ዘንድ ይድረስ» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የመልሱ አስቸጋሪ ክፍል የሚገኘው ግን በጫፎቹ ሳይሆን በከተማው መካከል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

እንደሚታወቀው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ. ም.፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ አገልግሎት ጀምሯል። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሁለቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ እያንዳንዳቸውም 22 ጣቢያዎች አሏቸው። ሆኖም ጣቢያዎቹ ሲደመሩ 44 ሳይሆኑ 39 ናቸው። አምስቱ፣ ማለትም ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ፣ የሁለቱም የጋራ ጣቢያዎች ናቸውና። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1909 ዓ. ም. ወዲህ ከተማውና ሐዲዱ ምን ያህል አብረው እንዳደጉ ያስታውሳል።

በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች መካከል የሁለቱም መስመሮች ባቡሮች በአንድ ጥንድ ሐዲድ ላይ ይተላለፋሉ። ሲሠራ ይህ አሳብ ብልህነት ነበረው፤ ድልድዩ አንድ ስለሆነ ወጪው ቀነሰ፣ ተሳፋሪውም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በቀላሉ ይሸጋገራል። በማራዘም ጊዜ ግን ይኸው ክፍል እንደ ጠባብ የማሰሮ አንገት ይሆናል። የምልክት ሥርዓቱ በጋራው ሐዲድ ላይ በየሦስት ደቂቃው አንድ ባቡር ያሳልፋል ብንል፣ በሰዓት ሃያ ባቡሮች ማለት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ መስመር የሚደርሰው በየስድስት ደቂቃው አንድ ባቡር ብቻ ይሆናል። ጫፉ አምስት ኪሎ ሜትርም ይርዘም አሥር፣ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ይህ በተሳፋሪው ላይ የሚያስከትለውን መመልከት ያስፈልጋል። መስመሩ ከአያት ወደ አራብሳ ቢራዘም ጧት የመጀመሪያውን መቀመጫ የሚይዘው ከአራብሳ የተሳፈረው ሰው ነው። ባቡሩ አያት ሲደርስ ግማሹ ሞልቷል፤ ሲኤምሲና ጉርድ ሾላ ላይ የቀረውም ይሞላል። መገናኛ ላይ የሚጠብቀው ሰው፣ ዛሬ በግፊያም ቢሆን የሚገባው፣ ያን ጊዜ በሩ ሲዘጋ ቆሞ ያያል። እንግዲህ ማራዘም ለአንዱ ሠፈር የሚሰጠውን ከሌላው ሠፈር ሊወስድ ይችላል። ይህ በግምት ጥናቱ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ፣ አዲሱ መስመር ሲመረቅ የመካከሉ ነዋሪ ለምን እንደተከፋ የሚያስረዳው አይገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ የባቡሮቹ ቁጥር ነው። አንድ ባቡር ማቆሚያውን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 17 ኪሎ ሜትሩን በ51 ደቂቃ ይጨርሳል። በየጫፉ ለመዞር ዘጠኝ ዘጠኝ ደቂቃ ቢታሰብለት ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በየስድስት ደቂቃው ለማሰማራት ለአንድ መስመር 20፣ ለሁለቱ 40 ባቡር ያስፈልጋል። ሥራው ሲጀመር የተገዙት 41 ነበሩ። አምስት ኪሎ ሜትር ሲጨመር ደርሶ መልሱ በ30 ደቂቃ ይረዝማል፤ ያንኑ አገልግሎት ለመስጠት ብቻ አምስት ተጨማሪ ባቡር ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሚያሳዝነው፣ ከእነዚያ 41 ባቡሮች በመለዋወጫ ዕጦት ምክንያት በ2015 ዓ. ም. ገደማ ይሠሩ የነበሩት ከግማሽ በታች መሆናቸው ነው። የተሰበረ ባቡር ጠግኖ ማሰማራት እንደ አዲስ ሐዲድ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ለተሳፋሪው ግን የሚበልጠው እርሱ ነው።

ሐዲዱ የሚያበቃበት ቦታም ራሱን የቻለ የንድፍ ጥያቄ ነው። በሰሜን በኩል ባቡሩ በጊዮርጊስ አጠገብ በዋሻ ገብቶ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ዳገት ለብረት መንኰራኩር ቀላል አይደለም። የለንደን ከተማ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚጠቅም ነው። የጁቢሊ መስመር እ. ኤ. አ. በ1979 ሲከፈት መጨረሻው ቻሪንግ ክሮስ ነበር፤ ወደፊት ከዚያው ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል ተብሎ ታስቦ ነበር። ማራዘሚያው እ. ኤ. አ. በ1999 ሲፈጸም ግን መንገዱ ከግሪን ፓርክ ወደ ዌስትሚንስተር ታጠፈ፤ የቻሪንግ ክሮስ መሳፈሪያዎችም ከሃያ ዓመት አገልግሎት በኋላ ለተሳፋሪ ተዘጉ። በዚያው ሥራ የታቀደው አዲስ የምልክት ሥርዓት በጊዜው ባለመድረሱ መስመሩ በተለመደው ሥርዓት ተከፈተ። ሀብትና ልምድ ያለው ከተማ እንኳ የሃያ ዓመት ትንበያው ከእጁ ያመልጣል።

ስለ መሻገሪያም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። በመሬት ላይ የተዘረጋው ሐዲድ በአጥር ስለተከለለ ብዙ ሠፈሮችን ለሁለት ከፍሏል፤ አረጋዊም ሆነ ሸክም ያለበት ሰው ለመሻገር ሩቅ መሄድ ይገደዳል። በአዲሱ ክፍል መሻገሪያው ከሐዲዱ ጋር አብሮ መነደፍ አለበት።

ታዲያ ምን ይሠራ? በቅድሚያ የቆሙት ባቡሮች መጠገን አለባቸው። እስከዚያው ከአራብሳና ከየካ አባዶ ወደ አያት በባቡሩ ሰዓት የሚሠሩ አውቶቡሶች ቢመደቡ፣ የተሳፋሪውን ትክክለኛ ቁጥርም ያሳያሉ። ሐዲድ መዘርጋት የተቻለ ዕለት ግን መጀመሪያ ሊጠና የሚገባው ወደ መካከል የማይገባ መስመር ነው፤ ይኸውም ከቃሊቲ ተነሥቶ በለቡ፣ በጀሞና በአየር ጤና ዞሮ ጦር ኃይሎች የሚደርስ ነው። ከሳሪስ ወደ አየር ጤና የሚሄደው ሰው ያን ጊዜ በሜክሲኮ ማለፍ አያስፈልገውም፤ የጋራው ሐዲድም ሸክሙ ይቀልለታል። ከዚህም ሌላ የጅቡቲው አዲስ ባቡር ጣቢያ የሚገኘው በፉሪ ለቡ ሆኖ ሳለ የከተማው ባቡር ግን ከተሠራ ጀምሮ እዚያ ሳይደርስ ቀርቷል። ከድሬዳዋ መጥቶ ሻንጣውን ይዞ የሚወርደው መንገደኛ ታክሲ ፍለጋ የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነው።