የጥድ አጥር ለምን ይደርቃል? በደነባና በአካባቢው በጌጥ ተክሎች ላይ የሚደርሱ ተባዮችን ስለ መለየትና ስለ መከላከል



እንደሚታወቀው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደነባም ሆነ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር፣ ክረምት ከበጋ ቅጠላቸውን ሳያረግፉ ግቢን ከሚያስጌጡት ተክሎች መካከል ግንባር ቀደሙ ጥድ ነው። የፈረንጅ ጥድ በትምህርት ቤቱና በመሥሪያ ቤቱ ዙሪያ እየተከረከመ አጥር ይሆናል፤ የሐበሻ ጥድና ወይራ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን ከበው ለዘመናት ኖረዋል። ከደነባ በላይ ውርጭ፣ ከደነባ በታችም ውሃ የሚቋጥር መረሬ አፈር መኖሩ ሳይበግረው ጸንቶ የሚቆም ተክል በመሆኑ፣ ሰው ሁሉ ጥድን ጤነኛ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይኸውም እምነት ነው ጉዳቱ ሥር ከሰደደ በኋላ ብቻ እንዲታይ የሚያደርገው።

የጥዱ አጥር ቡናማ መልክ ሲይዝ ባለቤቱ ወደ ግብርና ባለሙያ ይመጣል። ባለሙያውም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ መልሶች አንዱን ይሰጣል። አንደኛው «ድርቅ ነው፣ ውሃ አጠጡት» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «መድኃኒት ይረጭ» የሚል ነው። ሁለቱም ቅርንጫፉን ገልጦ ሳይመለከቱ የተሰጡ እንደ ሆነ ጉዳት አላቸው። ውሃ በቋጠረ መረሬ ላይ ውሃ መጨመር ሥሩን ማነቅ ነው፤ ተባይ በሌለበት መድኃኒት መርጨትም ጠቃሚ ነፍሳትን መፍጀት ነው። ከሁሉም በላይ ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ ተክል አይደለም። ቅጠሉን ጨርሶ ካጣው አሮጌ እንጨት ላይ አዲስ ቅጠል ስለማያወጣ፣ አንድ ጊዜ የተከፈተ ቀዳዳ በአጥሩ ላይ እንደ ተከፈተ ይኖራል። በመሆኑም በጥድ ላይ ሕክምና ማለት አስቀድሞ መለየት ማለት ነው።

የጥድ ክሽክሽ

የደነባ ገበሬ ክሽክሽን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የአተር ክሽክሽ በአተርና በምስር ማሳው ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት አይቶአል። በጥድ ላይ የሚወጣውም የዚሁ ወገን ሲሆን፣ መጠኑ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መልኩ ቡናማ ነው፤ ሰውነቱን ስስ ግራጫ ብናኝ ይሸፍነዋል፤ እግሮቹ ረዣዥሞች ናቸው። ከቅርፊቱ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ቆመው ለሚያዩት አይታይም። የሚሰፍረው በለምለሙ ጫፍ ላይ ሳይሆን በአጥሩ ውስጥ፣ በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ተጠጋግቶ ነው።

ይህ ተባይ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች የተዛመተው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። በማላዊ እ.ኤ.አ. በ1986 ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2003 መግባቱ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ አፍሪካን የወረረው ክሽክሽ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ተለይቶ «ሲናራ ኩፕረሲቮራ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቶታል። የትውልድ አገሩም ከምሥራቅ ግሪክ አንሥቶ እስከ ካስፒያን ባሕር ደቡብ ያለው ምድር እንደ ሆነ ይገመታል።

በአፍሪካ ውስጥ ክሽክሹ የሚራባው ያለ ወንድ ነው። እንስቶቹ እንቁላል ሳይጥሉ ልጆቻቸውን በቁማቸው ይወልዳሉ፤ አንድ ትውልድም በ25 ቀን ያህል ይሞላል። ቦታው ሲጠባቸው ክንፍ ያላቸው ይወለዱና በነፋስ ወደ ሌላ አጥር ይሻገራሉ። ጉዳቱ ጭማቂ በመምጠጥ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሲመጥ የሚተፋው ምራቅ ለጥዱ መርዝ ስለሆነ፣ የተነካው ቅርንጫፍ ከክሽክሹ ቁጥር በላይ ይደርቃል። ተባዩ ከሄደም በኋላ መድረቁ ለጊዜው ሊቀጥል ይችላል።

ዋናው ምልክት መድረቁ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄዱ ነው። ከዚህም ሌላ ከክሽክሹ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ቅጠሉንና መሬቱን ያጣብቃል፤ በፈሳሹም ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ጉንዳኖች በግንዱ ላይ ሲመላለሱ፣ ንቦችም አበባ በሌለው ጥድ ላይ ሲያንዣብቡ የታዩ እንደ ሆነ፣ ባለሙያው ቅርንጫፉን ገልጦ ሊመለከት ይገባዋል።

ክሽክሽ የሚመስሉ ሌሎች ምክንያቶች

ቡናማ የሆነ ጥድ ሁሉ ክሽክሽ የያዘው አይደለም። በደነባና በአካባቢው ቢያንስ አምስት ሌሎች ምክንያቶችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ውርጭ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ የሚያቃጥለው ለሰማይ የተጋለጠውን የውጭ ጫፍ ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ይህም የክሽክሹ ተቃራኒ ነው።

2ኛ/ የውሃ መቋጠር። በመረሬ አፈር ላይ የተተከለ ጥድ ክረምቱ ሲያልፍ መላ አካሉ ይደበዝዛል፣ ይገረጣል። ሥሩ ተቆፍሮ ሲታይ ጠቁሮ ይገኛል፤ የላይኛው ልጥ በጣት ሲሳብ ይሾልካል፤ መጥፎ ሽታም አለው። በእነዋሪና በአካባቢው ገበሬው ውሃውን ለማጥፈፍ መደብና ቦይ እያወጣ መዝራቱ የታወቀ ነው። ለጥዱም መፍትሔው ይኸው ነው፤ ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከልና ቦይ ማውጣት።

3ኛ/ ቀይ ሸረሪት። ይህ ዐይን የማይለየው ትንሽ ፍጥረት በበጋ፣ ይልቁንም አቧራ በሚበዛበት መንገድ ዳር ይራባል። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተወሮ ይገረጣል። መለያውም ቀላል ነው። ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ይያዝና ቅርንጫፉ ይመታል፤ የወደቁት ነጥቦች የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ቀይ ሸረሪት ነው።

4ኛ/ የቅርፊት ቁስል። ይህ ከሻጋታ የሚመጣ በሽታ ነው። በጤነኞቹ መካከል አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን ይደርቃል፤ ሥሩ ሲታይ ቅርፊቱ ሰርጎድ ብሎ ሙጫ ያነባል። ለዚህ በሽታ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ቅርንጫፉን ከቁስሉ በታች፣ ጤነኛው እንጨት ላይ ቆርጦ ማቃጠልና መቀሱን በአልኮል ማጽዳት ይገባል።

5ኛ/ የዕድሜ መርገፍ። ጥቅጥቅ ብሎ የተከረከመ አጥር ውስጡ ብርሃን ስለማያገኝ አሮጌው ቅጠል ይረግፋል። ጫፉ ለምለም ሆኖ ሙጫም፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽም፣ ነፍሳትም ካልተገኙ ይህ በሽታ አይደለም።

ቅርፊት ለባሽ ነፍሳት

በወይራ፣ በሎሚና በሌሎችም ቅጠላቸውን በማያረግፉ የግቢ ተክሎች ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልሉት ቅርፊት ለባሽ ነፍሳት ናቸው። በአንድ ቦታ ተጣብቀው ስለሚኖሩ የቅርንጫፉ እባጭ ይመስላሉ። በጥፍር ሲፋቁ የሚነሡና ሥራቸው እርጥብ ሆኖ የሚገኝ እንደ ሆነ ሕያዋን ናቸው። ዐዋቂዎቹን ቅርፊታቸው ስለሚጋርዳቸው ርጭት አይጎዳቸውም። የሚጎዱት ገና የተፈለፈሉትና የሚድሁት ሕፃናት ናቸው። የሚድሁበትን ጊዜ ለማወቅ በቅርንጫፉ ላይ የሚያጣብቅ ፕላስተር፣ የሚያጣብቀው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ይጠመጠምና በየሳምንቱ በማጉሊያ መነጽር ይታያል። ለርጭት የሚሠራው የተክል ዘይት ወይም ለዕፅዋት የተዘጋጀ የማዕድን ዘይት ለወይራና ለሎሚ ይስማማል፤ በጥድ ላይ ግን ቅጠሉን ሊያቃጥል ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

ስለ ሕክምናው

ክሽክሹ መኖሩ ከተረጋገጠ ሥራው በቅደም ተከተል ይከናወናል። በመጀመሪያ በጣም የተወረሩት ቅርንጫፎች ተቆርጠው እዚያው ይቃጠላሉ። ለማገዶ ተብለው ወደ ሌላ ግቢ ቢጎተቱ ተባዩም አብሮ ይጓዛል። በገና ሰሞን ከአጥሩ እየተቆረጠ ወደየቤቱ የሚወሰደው የጥድ ቅርንጫፍም ክሽክሹን ከሰፈር ወደ ሰፈር ሊያሸጋግር ስለሚችል፣ ከመቆረጡ በፊት ሊታይ ይገባዋል።

ቀጥሎም የአጥሩ ውስጥ በኃይል በሚወረወር ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም የሳሙና ውሃ ይረጫል። ለ1 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ግራም ሳሙና በቂ ነው። 15 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ ከ150 እስከ 300 ግራም ማለት ነው። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ውስጡ በደንብ መራስ አለበት፤ የተረፉትም ስለሚወልዱ በሳምንቱ መድገም ያሻል። ፀሐይ ሳይበረታ፣ በትንሽ ቦታ ላይ አስቀድሞ ተሞክሮ መረጨት ይኖርበታል።

የኬሚካል መድኃኒት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ዳይሜቶይትም ሆነ ማላታይን ክሽክሹን ይገድላሉ፤ ነገር ግን ጥንዚዛዎችንና ሌሎች ክሽክሽ በሊታዎችንም አብረው ስለሚፈጁ፣ ከርጭቱ በኋላ ቀይ ሸረሪት ተባዝቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ንቦችም ጣፋጩን ፈሳሽ ለመቅሰም ወደ ጥዱ ስለሚመጡ፣ አበባ የለም ብሎ በቀን መርጨት የጎረቤትን ቀፎ ባዶ ሊያስቀር ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት በሥራ ላይ እንዳይውል የደነገገው በከንቱ አይደለም። ልጆች በሚጫወቱበት የትምህርት ቤት አጥር ላይ ለሰብል የመጣ መድኃኒት ከጓዳ አውጥቶ መርጨት ከባለሙያ የሚጠበቅ ተግባር አይደለም።

የተፈጥሮ ጠላት ኃይል ቀላል እንዳልሆነ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1888 ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደችው ትንሽ ጥንዚዛ፣ የብርቱካን አትክልትን ሊያጠፋ የደረሰውን ጥጥ መሰል ቅርፊት ለባሽ ተባይ በአጭር ጊዜ ገታችው። ለጥድ ክሽክሽም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት «ፓዌሲያ ጁኒፐሮረም» የምትባል ጥገኛ ተርብ ከአውሮፓ ተወስዳ በማላዊና በኬንያ ተለቃለች። ይህች ተርብ እንቁላልዋን በክሽክሹ ውስጥ ትጥላለች፤ የተፈለፈለውም ትል ክሽክሹን ከውስጥ ይበላዋል። ገላው የተነፋና የደረቀ፣ በጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ክሽክሽ በቅርንጫፍ ላይ ከተገኘ፣ እንዲህ ያለ ጥገኛ ተርብ በሥራ ላይ ናትና ርጭቱን ማቆየት ይበጃል።

ከአጥር አልፎ

ነገሩ የጌጥ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ክሽክሹ ግን የፈረንጁን ጥድ ከሐበሻው ጥድ አይለይም። በማላዊ የሙላንጄ ተራራ ብርቅ የሆነውን አገር በቀል ዛፍ ክፉኛ ጎድቶታል። በሰሜን ሸዋም ከደነባ በስተምሥራቅ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር ገደል ላይ የወፍ ዋሻ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የመናገሻን ደን ሲያስተክሉ የጥዱ ዘር ከወፍ ዋሻ እንደ ተወሰደ በትውፊት ይነገራል። ለሌላው ምድር ዘር የሰጠ ደን ከከተማ አጥር በተነሣ ተባይ እንዳይወረር መጠበቅ የዚህ ሙያ ባለቤቶች ግዴታ ነው። በገደል ላይ ያለ ደን በሳሙና ውሃ ሊታጠብ አይችልምና፣ ጥበቃው መጀመር ያለበት በአጥሩና በችግኝ ጣቢያው ነው።

ስለዚህ ከየችግኝ ጣቢያው የሚወጣ የጥድ ችግኝ ሁሉ ከመጓጓዙ በፊት ቅርንጫፉ እየተገለጠ ቢመረመር፤ በየግቢው የሚተከለውም ጥድ ብቻ ከሚሆን ከወይራና ከሌሎች አገር በቀል ተክሎች ጋር ቢደባለቅ፤ ባለሙያው በጥቅምት፣ በታኅሣሥና በየካቲት አጥሩን እየዞረ ያየውን ከነቀኑና ከነቦታው በመዝገብ ቢይዝ፤ ያልለየውንም ተባይ በአልኮል ጠርሙስ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ቢልክ፣ የአንዱ ወረዳ ዕውቀት ለሌላው ይተርፋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ የማጉሊያ መነጽር፣ አንድ ነጭ ወረቀትና አንድ መዝገብ ነው። እነዚህም በደነባ ይገኛሉ።