ፊልሙ ያልነገረን 14 ዓመታት



ወላጆችና ልጆች አብረው ተቀምጠው ከሚመለከቷቸው ፊልሞች አንዱ «ናይት አት ዘ ሙዚየም» የሚባለው ተከታታይ ፊልም ነው። ክፍሎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006፣ በ2009 እና በ2014 ለሕዝብ ታይተዋል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ በኒው ዮርክ ቤተ መዘክር ስለ ተቀጠረ የሌሊት ዘበኛ ሲሆን፣ ከግብፅ በመጣ የወርቅ ሰሌዳ ኃይል ፀሐይ ስትጠልቅ ሐውልቱም አጽሙም ነፍስ ይዘራል።

ዛሬ ላወሳችሁ የፈለግሁት ግን ገና ስላልተሠራው ክፍል ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ የሚመልስ ሌላ ፊልም ቢዘጋጅ፣ ምን ሊነግረን ይገባል?

በሦስተኛው ክፍል መግቢያ ላይ መቃብሩ በ1938 በግብፅ በረሃ ሲገኝ እናያለን። በመጀመሪያው ክፍል እንደ ተነገረው ደግሞ ሰሌዳው ኒው ዮርክ የደረሰው በ1952 ነው። በመካከሉ ስላሉት 14 ዓመታት የሚነገረን ጥቂት ነው። ወጣቱ ንጉሥ አክመንራ በካምብሪጅ ለትርኢት ቆይቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ አባቱና እናቱ ለንደን ቀሩ። ቤተሰቡ በውቅያኖስ ተለያየ። ይህ የሆነው በማን ፈቃድ ነው?

ጥያቄው ከእውነተኛው ታሪክ የራቀ አይደለም። ሐዋርድ ካርተር የቱታንክአሙንን መቃብር በ1922 ሲያገኝ፣ በቁፋሮ የተገኘውን ዕቃ ቆፋሪውና የግብፅ መንግሥት መካፈላቸው የተለመደ ነበር። ከ5,000 በላይ የሚሆነው የዚያ መቃብር ዕቃ ግን ሳይከፈል በግብፅ ቀረ። እንግዲህ ከ16 ዓመት በኋላ አንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ከነወርቁ ከአገር ወጣ ከተባለ፣ ደራሲው ፈቃዱንና ማኅተሙን ሊያሳየን ይገባል። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ወንበር እንኳ ያለ ፊርማ ከግምጃ ቤት አትወጣም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቆፋሪዎቹ ነው። ካርተር በመጽሐፉ አራት ግብፃውያን የሠራተኛ አለቆችን በየስማቸው ጠርቶ አመስግኗል፤ አንዱ አሕመድ ገሪጋር ነው። በፊልሙ መቃብሩን የሚያገኘው ከውጭ የመጣ ልጅ ነው። በአዲሱ ክፍል ግን ዋናው ባለታሪክ የአንድ ግብፃዊ የሠራተኛ አለቃ ልጅ ቢሆን እመርጣለሁ። አባቱ ያወጣው ሣጥን ወደ መርከብ ሲጫን ቆሞ የሚያይ ልጅ፣ ዘበኛው ያልጠየቀውን ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ልጅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የፊልሙ ቁፋሮ ከሚካሄድበት ዘመን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1937፣ የኢጣሊያ ፋሺስት መንግሥት የአክሱምን ሐውልት ወደ ሮማ አስወስዷል። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 በቀድሞ ሥፍራው ዳግም ቆመ። ሲሄድ ያየ ሕፃን ሲመለስ ሽማግሌ ሆኖ ነበር።

በሦስተኛው ክፍል ፍጻሜ አክመንራ ከወላጆቹ ጋር ይገናኛል፤ የተገናኙት ግን በለንደን ነው። ቤተሰቡ ተሰበሰበ፤ አገሩን ግን አላየም። ስለዚህ ፊልሙን ከልጆቻችሁ ጋር ስትመለከቱ፣ ሳቁ ካለፈ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ «ይህ ንጉሥ ቤቱ የት ነው?»